ሲልቨር ሻዶው ከሐራጅ ልገዛ አስቤአለሁ፤ ስለ ፍሬኑና ስለ ዝገቱ የምታውቁ ምከሩኝ

ለንደናዊው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከለንደን ወጣ ብሎ በሚካሄድ የጥንት መኪኖች ሐራጅ ላይ እ.ኤ.አ. የ1976 ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ቀርቧል። ቀለሙ ከወገቡ በላይ ብርማ፣ ከወገቡ በታች ጥቁር ሰማያዊ ነው። ካታሎጉ ከ9,000 እስከ 12,000 ፓውንድ ይገምተዋል። በዚህ ገንዘብ ዛሬ የሚገኘው አንድ ተራ ያገለገለ መኪና ስለሆነ ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል።

መኪናውን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወደው። ቅዳሜና እሑድ ልነዳው፣ የዘመድ ሠርግ ሲመጣ ሙሽሮቹ እንዲሄዱበት፣ አልፎ አልፎም ለሠርግ ላከራየው እፈልጋለሁ። ችግሩ ሐራጁ ላይ ሞተር ማስነሣት እንጂ መንዳት አይፈቀድም። ቆሞ ባለበት ምን አይቼ ልወስን? ያማከርኋቸው ሁሉ «ፍሬኑን ፍራ» ይሉኛል፤ ምክንያቱን በዝርዝር ያስረዳኝ ግን የለም።

ወርቅ እጅ፦

ወንድሜ፣ በርሚንግሃም አካባቢ በአሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ሻዶው ከሁሉም አብልጬ የምወደው መኪና ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ሻዶው እ.ኤ.አ. በ1965 ክሩ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ ሲወጣ ለሮልስ ሮይስ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት መኪኖች አካላቸው ለብቻው በተሠራ ሻንሲ ላይ ይቀመጥ ነበር። የሻዶው አካልና ሻንሲ ግን አንድ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ ዝገት ሲገባበት የሚበላው ጌጡን ሳይሆን የመኪናውን አጥንት ነው። ኮፈኑ፣ በሮቹና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ከአሉሚኒየም የተሠሩ በመሆናቸው እንደ ብረቱ አይዝጉም። ብዙ ተጫራች እነርሱን አንኳኩቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ያልፋል። አንተ ግን ተንበርከክ። ከበሮቹ ሥር የሚሄደውን ላሜራ፣ የኋላ ጎማዎቹን ቅስት፣ የፊት ፓራፋንጎውን ታችኛ ጫፍ፣ የኋላው ሞላ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ በአንድ በባትሪ እያበራህ ተመልከት። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። ብረት መሆን በሚገባው ቦታ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የሻዶው ፍሬን ከተራ መኪና ፍሬን ይለያል። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት ፓምፖች የፍሬኑን ዘይት በከፍተኛ ግፊት እየገፉ ናይትሮጂን ጋዝ ባለባቸው ሁለት ክብ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ያከማቹታል። ፔዳሉን ስትረግጥ መኪናውን የሚያቆመው ያ የተከማቸ ግፊት ነው። ሰው ወይም ሻንጣ ሲጫን የመኪናውን ኋላ ወደ ትክክለኛ ከፍታው የሚመልሰውም ይኸው ግፊት ነው፤ ስልቱ ከፈረንሳዩ ሲትሮኤን በፈቃድ የተወሰደ ነው። ጤነኛ ሲሆን ግሩም ፍሬን ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው መኪና እግርህን ጣል ስታደርግ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ይቆማል።

ይህንን ቆሞ ባለበት መፈተን ትችላለህ። የሐራጁ ሠራተኛ ሞተሩን እንዲያስነሣልህ ጠይቅ። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች አሉ፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ መጥፋት አለባቸው። ለጥቂት ደቂቃዎች ይሥራ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ መብራቶቹ ብቻ እንዲሠሩ ቁልፉን መልሱና ፔዳሉን እየረገጥህ ቁጠር። ማጠራቀሚያዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ማስጠንቀቂያው ሳይበራ ሠላሳና አርባ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትረግጣለህ። አራት አምስት ጊዜ ረግጠህ ከበራ ጋዙ አልቋል ማለት ነው። ማጠራቀሚያዎቹን ማስሞላት ብቻውን ከባድ ወጪ አይደለም። ነገር ግን እነርሱ የተረሱበት መኪና ላይ የጎማ ቱቦዎቹም፣ ካሊፐሮቹም (የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚጨምቁት ክፍሎች)፣ የከፍታ ማስተካከያውም አብረው ተረስተዋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ከመኪናው ግዢ ዋጋ ግማሽ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሻዶው ፍሬን ዘይት አር አር 363 የሚባለው ነው። አረንጓዴው የማዕድን ዘይት ሻዶውን ተክቶ እ.ኤ.አ. በ1980 የመጣው ሞዴል፣ የሲልቨር ስፒሪት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የፍሬኑን ጎሚኒዎች በሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ ማንም ሰው ምንም ዓይነት ዘይት እንዲጨምርልህ አትፍቀድ።

ጥሬ ሐቅ፦

ወርቅ እጅ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከዚያው ተነሥቼ የምደርስበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነው፦ አትግዛ። ቢያንስ ከሐራጅ አትግዛ። 6.75 ሊትር ቪ8 ሞተር ለንደን ውስጥ ስትነዳው በ100 ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል። ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም መኪና መንገድ ዳር ስታቆመው ዝናቡ ይጨርሰዋል። ጋራዥ አለህ? ከሌለህ በየወሩ ኪራይ አለብህ።

ከዚህ ይልቅ የሮልስ ሮይስ ባለቤቶች ማኅበር አባል ከሆነ ሰው ቤቱ ሄደህ ግዛ። ሁለት ሺህ ፓውንድ ትጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ነድተኸው፣ ሞተሩ ሲግል ሰምተኸው፣ ባለቤቱን ዓይን ለዓይን ጠይቀኸው ነው። ሐራጅ ላይ ሻጩ አይታይም። በዚያ ላይ በሕግ በኩልም የምትመካበት ነገር ያንስሃል። እ.ኤ.አ. የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ከነጋዴ የገዛ ሰው ዕቃው ጎደሎ ሲሆን እንዲመልስ ይፈቅድለታል። ገዢዎች በአካል ሊገኙበት በሚችሉት ሕዝባዊ ሐራጅ ላይ የተሸጠ ያገለገለ ዕቃ ግን በዚያ ጥበቃ ሥር አይወድቅም። መዶሻው ሲመታ መኪናው ባለበት ሁኔታ ያንተ ነው። መግለጫው ውስጥ ሐሰት ከተጻፈ መከራከር ትችላለህ፤ ባልተጻፈው ላይ ግን ማንን ትከሳለህ?

ለንደናዊው፦

ጋራዥ አለኝ፤ የአጎቴ ቤት ደረቅና ሰፊ ጋራዥ አለው። የሕጉን ነገር አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን የሐራጁን ነገር ሙሉ በሙሉ መተው አልፈልግም። በማኅበሩ አባላት በኩል የጠየቅኋቸው መኪኖች ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ስለ ወረቀቶቹ የሚነግረኝ አለ? ካታሎጉ «ሰፊ የታሪክ ማኅደር አለው» ይላል።

ወርቅ እጅ፦

ጥሬ ሐቅ ያለውን አልቃወምም፤ እኔ ግን ከሐራጅ የመጡ እጅግ ጥሩ ሻዶዎች በእጄ አልፈዋል። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

«ሰፊ ማኅደር» ሲሉህ ማኅደሩን ተቀብለህ ቁጭ ብለህ አንብብ። ውፍረቱ አያታልልህ፤ ግማሹ የድሮ የኢንሹራንስ ደብዳቤና የማስታወቂያ ቅጠል ሊሆን ይችላል። የምትፈልገው የጋራዥ ደረሰኝ ነው። የፍሬን ቱቦዎች መቼ ተለወጡ? ማጠራቀሚያዎቹ መቼ ታደሱ? የራዲያተሩ ፈሳሽ በየጊዜው ተቀይሯል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሻዶው ሞተር ብሎክ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሮቹ ደግሞ ውስጡ የሚገቡ የብረት ሸሚዞች ናቸው፤ ፈሳሹ ሳይቀየር ዓመታት ካለፉ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ጥገናው ሞተር ማውረድ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናውን ከገዛህበት በላይ ታወጣለህ።

ከዚያ የመንግሥትን መዝገብ ተመልከት። እንግሊዝ ውስጥ የማንኛውም መኪና ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለው በነፃ በኢንተርኔት ይገኛል። ሰሌዳ ቁጥሩን አስገባ። በየዓመቱ ስንት ማይል እንደተነዳ፣ መርማሪው ስለ ዝገት የጻፈው ማስታወሻ፣ የወደቀበት ምክንያት ሁሉ ይወጣልሃል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ዕድሜአቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖች ከዚህ ምርመራ ነፃ ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ ሻዶዎች መዝገባቸው ድንገት የሚቋረጠው። ሳይገደድ በየዓመቱ ማስመርመሩን የቀጠለ ባለቤት ካገኘህ ያ ሰው መኪናውን ይወደው ነበር። እኔ ለዚያ መኪና ከተወለወለው ይልቅ ብዙ እከፍላለሁ።

የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ኤስ አር ኤች ብሎ የሚጀምር ከሆነ መሪው በቀኝ ሆኖ የተሠራ ነው። ኤስ አር ኤክስ ከሆነ መጀመሪያ መሪው በግራ ሆኖ ወደ ውጭ የተላከ ነው።

የሙሽራ መንገድ፦

ሰላም ወንድሜ፣ ከእናንተ መካኒኮች መካከል ገብቼ ስለ ሠርግ ኪራዩ ልናገር፤ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ ነው።

የሐበሻ ሠርግ ለሻዶው የተፈጠረ ነው። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ በሩ ሰፊ ስለሆነ ካባና ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ሳትጎነበስ ትገባለች፤ አዲሶቹ ዝቅ ያሉ መኪኖች ውስጥ ሙሽራ ለማስገባት ሁለት ሚዜ ያስፈልጋል። ጥያቄው በጋ ላይ እጅግ ብዙ ነው። ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚውል መኪና የኪራይ መኪና ፈቃድ ማውጣት የለበትም፤ ለንደን ውስጥም ሕጉ እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በል። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ መኪና ከመንገድ ግብር ነፃ የሚሆነው ለግል ሲነዳ ነው። ገንዘብ እየተከፈለበት የሚሠራ ከሆነ ነፃነቱ ይቀራል። የለንደን የአየር ብክለት ክፍያም ላይ እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ክፍያው የለንደንን ክፍለ ከተሞች በሙሉ ይሸፍናል፤ የጥንት መኪና ለግል ሲሆን አይከፍልም፤ ለንግድ ሲውል ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 በፊት የተሠራ ካልሆነ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ኢንሹራንሱም ሌላ ነው። ለግል መዝናኛ የገባኸው የጥንት መኪና ኢንሹራንስ በኪራይ ላይ እያለ ለደረሰ አደጋ አይከፍልም። ስለዚህ ወይ በግልጽ ንግድ አድርገህ አስመዝግበው፣ ወይ ለዘመድ ብቻ በነፃ አገልግልበት። መሐል ላይ ቆመህ አትሥራ፤ ሙሽራ ጭነህ ነውና።

ዲሲ ነዋሪ፦

ከዋሽንግተን ነኝ። እዚህ አሜሪካ ከካሊፎርኒያና ከአሪዞና የሚመጡ ሻዶዎች ዝገት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለማይረጭ ነው። በሌላ በኩል ፀሐዩ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ የዳሽቦርዱን የዋልነት እንጨት ቫርኒሽ ይሰነጥቀዋል። ከ30 ዓመት በላይ የሆነውንና እንደተሠራ ያለውን መኪና ወደ እንግሊዝ ስታስገባ ቀረጥ የለውም፤ የምትከፍለው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከመርከቡ ኪራይ ጋር ሒሳቡን ሠርተህ አወዳድር። ላሜራ ከማስበየድ ቆዳ ማለስለስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ ፒያሳ፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እየተከታተልሁ ነው። እንዲህ ያሉትን የእንግሊዝ መኪኖች በወጣትነታችን አዲስ አበባ ላይ በኤምባሲዎች በር ቆመን እናያቸው ነበርና ልቤን ቀሰቀሳችሁት። ልጄ እዚያው ለንደን ነው። አንዱን ገዝቶ ወደዚህ ቢልክልኝ ይቻላል?

ለንደናዊው፦

ጋሼ፣ ቢቻል ደስ ባለኝ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያ ላይ እዚህ ያሉት መሪያቸው በቀኝ ነው። ይልቅስ ልጅዎን ሊጠይቁ ሲመጡ ይንገሩኝ፤ መኪናው ከተገኘ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ እወስድዎታለሁ።

ለንደናዊው፦

ዛሬ የሐራጁ የእይታ ቀን ስለነበር ሄጄ መጣሁ። የታዘብሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ብርማና ሰማያዊው የ1976 መኪና በአዳራሹ መግቢያ ላይ መብራት ስለበራበት ሰው ከቦታል። ቀለሙ መልክ ያሳያል። ተንበርክኬ ስመለከት ግን በግራ በኩል ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ላይ ማግኔቱ ከአንድ ክንድ ለሚረዝም ቦታ አልያዘም። ሠራተኛዋ ሞተሩን አስነሣችልኝ፤ ሁለቱም መብራቶች ጠፉ። አጥፍተን ስረግጥ በስድስተኛው አንዱ በራ፣ በስምንተኛው ሁለተኛው። ማኅደሩ ውስጥ ካለፉት ዓመታት የተገኘው ትልቁ ደረሰኝ የቀለም ነው። ስለ ፍሬኑ አንድም ወረቀት የለም።

ከአዳራሹ ኋላ፣ ግድግዳ ዳር፣ አንድ የ1972 ቤንትሌይ ቲ ቆሟል። ቡናማ ነው፤ ማንም አያየውም። መኪናው ከራዲያተሩና ከዓርማው በስተቀር ከሻዶው ጋር አንድ ነው። ፓራፋንጎው ላይ ትንሽ የተላጠ ቀለም አለ፤ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ከሥሩ ግን ላሜራው በሰም ተቀብቶ ደረቅ ነው፤ ማግኔቱ ሁሉም ቦታ ይዟል። ፍሬኑን ረገጥሁ፤ ሠላሳ አምስት ላይ ሠራተኛው ሰዓቱን ሲመለከት አቆምሁ፤ መብራቱ አልበራም። ማኅደሩ ውስጥ ማጠራቀሚያዎቹና የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተለወጡ የሚያሳይ ደረሰኝ አለ። ባለቤቱ ዓመታዊውን ምርመራም መኪናው ነፃ ከሆነ በኋላ በየዓመቱ አስደርጎታል። ግምቱ ከ8,000 እስከ 10,000 ነው። ምን ትላላችሁ?

ወርቅ እጅ፦

ቤንትሌዩን ግዛ! ሌላ የምለው የለም። ሻዶው የቤንትሌዩንና የረጅሙን ሻንሲ ሞዴሎች ጨምሮ ወደ 30,000 ገደማ ሲሠራ፣ በቤንትሌይ ስም የወጣው ከ2,500 አይበልጥም፤ ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰው ሮልስ ሮይስ ራዲያተር ላይ የምትቆመውን ዝነኛ ትንሽ ሐውልት ስለሚፈልግ ብቻ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሞተሩ ሲሠራ ከብሎኩ ጎን ፈሳሽ የወረደበት ነጭ ምልክት አለመኖሩን ብቻ ነገ ጠዋት ደግመህ አረጋግጥ።

ጥሬ ሐቅ፦

አትግዛ ብዬ ነበር፤ ይህን መኪና ግን እኔም እገዛው ነበር። አሁን ስለ ገንዘቡ ልንገርህ። መዶሻው የሚመታበት ዋጋ የምትከፍለው ዋጋ አይደለም። የገዢ ኮሚሽን አለ፤ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። መዶሻው 9,000 ላይ ቢመታና ኮሚሽኑ 12.5 በመቶ ቢሆን 1,125 ትጨምራለህ፤ በዚያ ላይ 225 ታክስ። ድምሩ 10,350 ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው 10,000 ከሆነ እጅህን የምታወርደው 8,600 ላይ ነው። ቁጥሩን ቤትህ ሳለህ በወረቀት ጽፈህ ሂድ፤ አዳራሽ ውስጥ አጫራቹ ዓይንህን እያየ «አንድ ብቻ ጨምር» ሲልህ ሒሳብ አይታሰብም።

ደግሞ የሰማኸው ትልቅ ዋጋ አያሳስትህ። የዘፋኙ የፍሬዲ መርኩሪ የ1974 ሻዶው እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን ውስጥ ሶዘቢስ በሚባለው የሐራጅ ድርጅት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ተገምቶ ከ286,000 በላይ ተሸጧል። የተሸጠው የሰውዬው ስም ነው፤ ገንዘቡም ለዩክሬን ቁስለኞች ሕክምና ውሏል። ያ ለእኛ መኪና ዋጋ ምንም አይጨምርም።

ለንደናዊው፦

ገዛሁት! ቡናማው ቤንትሌይ በ8,400 ፓውንድ የእኔ ሆኗል። ብርማና ሰማያዊው ደግሞ 13,500 ደርሶ ለሌላ ሰው ሄደ። ወርቅ እጅ፣ ብሎኩን ዳግመኛ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ከሁላችሁም የተማርሁት ነው፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የሙሽራ መንገድ እህቴ፣ ለጊዜው ለዘመድ ብቻ በነፃ እንዲሆን ወስኛለሁ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ነድቼ ልውሰደው ወይስ ላስጭነው? ወደ ሰማንያ ማይል ነው።

የሙሽራ መንገድ፦

እንኳን ደስ አለህ! ከሁሉ በፊት ኢንሹራንስ። መዶሻው ከመታበት ደቂቃ ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ቢቃጠል እንኳ ኪሳራው ያንተ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት የጥንት መኪና ኢንሹራንስ ግባ፤ አለዚያ አደጋ ሲደርስ «አሮጌ መኪና ነው» ብለው ጥቂት ይሰጡሃል። አዳራሹ መኪናውን የሚያቆይበትን የጊዜ ገደብም ጠይቅ፤ ካለፈ በቀን ያስከፍላሉ።

ወርቅ እጅ፦

አስጭነው። ፍሬኑ ደኅና ነው፤ ጎማዎቹ ግን የስንት ዓመት እንደሆኑ አልነገርኸንም። ጎናቸው ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ከሆናቸው ጥርሳቸው አዲስ ቢመስልም ይህን ክብደት በአውራ ጎዳና ፍጥነት አያምኑም። ቤትህ ሲደርስ የሞተር ዘይቱንና የራዲያተሩን ፈሳሽ ለውጥ። የፍሬኑን ዘይት ግን አትንካ፤ በ2019 ተለውጦ ስለነበር እኔ ጋ ስታመጣው በአር አር 363 አብረን እንቀይረዋለን። የጎማውን ቁጥር ዛሬ ማታ አንብበህ ጻፍልኝ።